የአያት ሲንጀር ወይስ ትንሿ ባለ ሞተር? ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ ብርድ ልብስ ለመጀመር

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ነው። ከአያቴ የቀረልኝ በእጅ የሚዞር ሲንጀር ከእንጨት ሳጥኑ ጋር አለኝ፤ ለዓመታት ስላልተነካ መዘውሩ አልዞር ብሏል። አክስቴ ደግሞ ከአሜሪካ 221 የሚባለውን ትንሽ ጥቁር የኤሌክትሪክ ሲንጀር ይዤልሽ ልምጣ ትላለች። ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠምኩ የሕፃን ብርድ ልብስ መስራት እፈልጋለሁ። በየትኛው ልጀምር? ምንስ ላዘጋጅ?

መልስ፦ በአያትዎ ማሽን ይጀምሩ። የአክስትዎም ስጦታ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሶኬት ላይ ከመሰካቱ በፊት መታየት ያለበት ነገር ስላለ ወደ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ቀጥ ያለ ስፌት ብቻ ነው። ቀጥ ብቻ የሚሰፋ አሮጌ ማሽን ላይ መርፌው የሚገባበት ቀዳዳ ትንሽና ክብ ነው። ዚግዛግ የሚሰፋ ማሽን ግን መርፌው ግራና ቀኝ እንዲሄድለት ቀዳዳው ሰፊ ይሆናል፤ የትንሽ ካሬ ጨርቅ ጫፍ እዚያ ሲደርስ መርፌው ይዞት ወደ ታች ይገባና ክርና ጨርቅ ይተበተባል። በእርስዎ ማሽን ይህ እምብዛም አያጋጥምም። በእጅ መዞሩም ለጀማሪ ጥቅም ነው። እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ሦስት ያህል ስፌት ብቻ ስለሚሰፋ የፈለጉት ነጥብ ላይ ያቆማሉ፤ መብራት ሄደ መጣ ብለውም አይጨነቁም። ጉዳቱ ቀኝ እጅ በእጀታው ስለሚያዝ ጨርቁን የሚመራው ግራ እጅ ብቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጨርቅ በስፒል አያይዞ መስፋት ግድ ይላል።

መጀመሪያ የትኛው ሞዴል እንደሆነ ይለዩ። ከመርፌው አጠገብ ያለውን ተንሸራታች ብረት ይክፈቱ። ውስጡ ክብ ቦቢን (የሥሩ ክር የሚጠመጠምበት) ተኝቶ ካዩ ማሽኑ 99 የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። ቀጭንና ረጅም ቦቢን፣ የጥይት ቅርጽ ባለው የብረት ቤት ውስጥ ገብቶ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ከሆነ ደግሞ የ28 ወይም የ128 ቤተሰብ ነው። ሁለቱም ለዚህ ሥራ ይሆናሉ። ልዩነቱ መለዋወጫው ላይ ነው፤ የ99 ክብ ቦቢን አሁንም እየተመረተ ይሸጣል፣ የረጅሙ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይገኝም። ጥይቱ ወይም ቦቢኑ ከጠፋ ለሌላው ጥገና ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት እሱን ይፈልጉ፤ ካልተገኘ ማሽኑ አይሰፋም። ከሞዴሉ ቁጥር ቀጥሎ «ኬ» የሚል ፊደል ካለ ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ በነበረው የኪልቦዊ ፋብሪካ የተሰራ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1980 ተዘግቷል፤ ስለዚህ ማንኛውንም ኦሪጅናል ዕቃ፣ ብሎን እንኳን ቢሆን፣ አይጣሉ።

አሁን አልዞር ያለው መዘውር። በጉልበት አያዙሩት። መርፌውን ያውጡ፣ ቦቢኑን ያንሱ፣ ማሽኑን በማጠፊያው ወደ ኋላ አጋድመው ከሥሩ ይመልከቱ። ሦስት ዓይነት ችግር ሊሆን ይችላል። አንደኛው ቦቢን ቤቱ አካባቢ የተጠመጠመ ክር ነው፤ በወረንጦ ይወጣል። ሁለተኛው፣ መዘውሩ ይዞራል መርፌው ግን አይንቀሳቀስም ከሆነ፣ በመዘውሩ መሀል ያለው ክብ ማጥበቂያ ላልቷል ማለት ነው። ቦቢን ሲጠመጠም መርፌው እንዲቆም የሚላላው እሱ ነውና ያጥብቁት። አጥብቀውትም ካልያዘ በውስጡ ያለችው ባለ ሦስት ጆሮ ቀለበት ተገልብጣ ገብታ ይሆናል፤ አውጥተው ግማሽ ዙር አዙረው ይመልሷት።

ሦስተኛውና የተለመደው የደረቀ ዘይት ነው። የምግብ ዘይት ወይም የመኪና ዘይት የተቀባ ማሽን ሲቀመጥ ዘይቱ ደርቆ እንደ ሙጫ ይሆናል። መፍትሄው ነጭ ጋዝ (ላምባ) ነው። ብረት ከብረት ጋር በሚፋተግበት ቦታ ሁሉና በላይ ባሉት የዘይት ቀዳዳዎች አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ያድርጉና አንድ ሌሊት ያሳድሩት። በማግስቱ መዘውሩን ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ ያወዛውዙ። ቡናማ ፈሳሽ መውጣት ሲጀምር እየለቀቀ ነው፤ በጨርቅ እየጠረጉ ይድገሙት። ሁለት ሦስት ቀን የሚፈጅ አለ። ይህ ሥራ ከሰል፣ ምድጃና ሻማ በሌለበት፣ መስኮት ተከፍቶ ይሠራ። ጋዙ ቆሻሻውን ያሟሟል እንጂ አያለሰልስም፤ ሲደርቅ ብረቱን ባዶ ያስቀረዋል። ስለዚህ ነፃ ሆኖ እንደዞረ በየቦታው አንድ አንድ ጠብታ ንጹሕ የስፌት ማሽን ዘይት ያድርጉ። በ99 ላይ ቦቢኑ ከሚቀመጥበት ሥር ትንሽ ቀይ ሱፍ ቢያዩ ቆሻሻ መስሎዎት እንዳያወጡት፤ ዘይት የሚይዝ ነው፣ ለእሱም አንድ ጠብታ ይድረሰው።

ጥቁሩን ቀለምና ወርቃማውን ጌጥ በአልኮል፣ በሳኒታይዘር ወይም በቀለም ማቅጠኛ አይጥረጉ። ከጌጡ በላይ ያለው መከላከያ ቅብ በአልኮል ይሟሟል፣ ጌጡም አብሮ ይለቃል። የማሽን ዘይት የነካው ለስላሳ ጨርቅ በቂ ነው።

መርፌው ላይ ጊዜ ይውሰዱ። «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ስፌት ይዘላል» ከሚባለው አብዛኛው በሽታ መርፌ ነው። በገበያ ሁለት ዓይነት ተቀላቅሎ ይሸጣል። አንዱ የቤት ማሽን መርፌ ነው፤ አናቱ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ ሆኖ ማሸጊያው ላይ ኤች ኤ ኤክስ 1፣ 15 ኤክስ 1 ወይም 130/705 የሚል አለበት። ሌላው የፋብሪካ ማሽን መርፌ ነው፤ አናቱ ሙሉ ክብና ቀጭን ሆኖ ዲቢ ኤክስ 1 ይላል። ሂርማታም ሆነ ሌላ ገበያ ለልብስ ሰፊዎች የሚሸጡ ሱቆች ሁለቱንም ይይዛሉና «የሲንጀር መርፌ» ብቻ ብለው አይጠይቁ። አናቱን በጣትዎ ዳሰው ጠፍጣፋውን ይለዩ። የፋብሪካው መርፌ በእርስዎ ማሽን ላይ ይታሰር ይሆናል፤ ግን አናቱ ስለሚቀጥን ትክክለኛ ቦታው ላይ አይቆምም፣ ከሥር ያለው መንጠቆም ክሩን አያገኘውም። ስፌት የሚዘለው ለዚህ ነው።

አገባቡም ይታወቅ። መርፌውን በብርሃን አዙረው ሲያዩ በአንድ ጎን ከላይ እስከ ታች የወረደ ረጅም ቦይ አለ፤ ጠፍጣፋው ከቦዩ በተቃራኒ ነው። ክር ሁልጊዜ በቦዩ በኩል ገብቶ በጠፍጣፋው በኩል ይወጣል። በ99ም ሆነ በ128 ጠፍጣፋው ወደ ቀኝ ይሆናል፣ ክሩ ከግራ ወደ ቀኝ ይገባል። የአክስትዎ 221 ግን ተቃራኒው ነው፤ ጠፍጣፋው ወደ ግራ፣ ክሩ ከቀኝ ወደ ግራ። ሁለቱን ማሽን እያቀያየረ የሚሠራ ሰው በዚህ ይሳሳታል፤ ተገልብጦ የገባ መርፌ አንድም ስፌት አይይዝም። ለተራ ጥጥ ጨርቅ ቁጥር 80/12፣ ሦስቱን ድርብ (የላዩን፣ የመሀሉንና የሥሩን) አንድ ላይ ለመስፋት 90/14 ይበቃል። አንድ ብርድ ልብስ በአዲስ መርፌ ይጀመር።

ክሩን ከማስገባትዎ በፊት ጨርቁን የሚጫነውን የማሽኑን እግር ወደ ላይ ያንሱ። በ99 እግሩ ዝቅ ብሎ ከሆነ የክር ማጥበቂያው ሁለት ሳህኖች ስለሚጣበቁ ክሩ በመሀላቸው አይገባም፤ ከጨርቁ ሥር የቀለበት ክምር የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው እንጂ በቦቢኑ ጥፋት አይደለም። ትልቁን የልብስ ሰፊ ክር ከገዙ ማሽኑ ላይ አይጫኑት። ከማሽኑ ኋላ መሬት ወይም ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ክሩ ወደ ላይ እየተተረተረ ይምጣ፤ አለዚያ ክብደቱ ክሩን ይጎትተዋል።

ከላይ ቀይ፣ ከቦቢን ነጭ ክር አድርገው በድርብ አቡጀዲ ላይ ይሞክሩ። ነጩ ወደ ላይ ነጥብ ነጥብ ብሎ ከወጣ የላይኛው ጠብቋል፤ ቀዩ ከሥር ከታየ ላልቷል። በላይኛው ማጥበቂያ በሩብ ዙር እየሞከሩ ያስተካክሉ። የቦቢኑን ትንሽ ብሎን መጨረሻ ላይ ካልሆነ አይንኩ። እጀታው ከእርስዎ ወደ ወዲያ ነው የሚዞረው። ሲጀምሩ ሁለቱን የክር ጫፎች ወደ ኋላ ይዘው ሦስት ስፌት ያሳልፉ፤ ሲጨርሱ ክር ሳቢው ጣት (ክሩ የሚያልፍበት፣ ከፍ ዝቅ የሚለው) ላይኛው ጫፍ ላይ ደርሶ ይቁም። ያለበለዚያ ጨርቁን ሲስቡ ክሩ ይበጠሳል ወይም ከመርፌው ይወጣል። የስፌቱን ርዝመት በ2.5 ሳንቲሜትር ውስጥ ከ10 እስከ 12 ስፌት እንዲሆን ያድርጉት።

ከዚህ በኋላ የሥራው ሁሉ ልብ አንድ ልኬት ነው፤ የስፌት ትርፉ፣ ማለትም ከስፌቱ እስከ ጨርቁ ጫፍ ያለው፣ 6 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ከመርፌው ወደ ቀኝ 6 ሚሊሜትር ለክተው ማሽኑ ላይ ፕላስተር ይለጥፉ። ጥቂት ሽፋን ደራርበው ቢለጥፉት የጨርቁ ጫፍ ተደግፎት ይሄዳል፤ ጨርቁን ከሥር የሚስቡትን ጥርሶችና ተንሸራታቹን ብረት ግን እንዳይሸፍን። ልኬቱን በመርፌው ይውሰዱ እንጂ በእግሩ ጠርዝ አይመኑ፤ የአሮጌ ማሽን እግር ስፋቱ ይለያያል። ፈተናው ይህ ነው፤ 4 ሳንቲሜትር የሆኑ ሦስት ቁራጮችን ጎን ለጎን ይስፉና በካውያ ይተኩሱ። የመሀለኛው በትክክል 2.8 ሳንቲሜትር ከሆነ ፕላስተሩ ልክ ነው። ከዚያ ካነሰ የስፌት ትርፉ ሰፍቷል፣ ፕላስተሩን ወደ መርፌው ያስጠጉ፤ ከበለጠ ያርቁ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን ትርፉ 1 ሚሊሜትር ቢሰፋ እያንዳንዱ ስፌት 2 ሚሊሜትር ይበላል፣ ሰባት ስፌት ያለው ረድፍ 14 ሚሊሜትር ያጥራል። ከጎረቤቱ ረድፍ ጋር አልገጥም የሚለው ያኔ ነው፤ ጨርቅ እየሳቡ ማስገጠም ደግሞ ብርድ ልብሱን ያጣምመዋል።

ለመጀመሪያ ሥራ 80 በ100 ሳንቲሜትር የሆነ የሕፃን ብርድ ልብስ ይበቃል። 11.2 ሳንቲሜትር ካሬ ካርቶን ይቁረጡና በእሱ ልክ 80 ካሬ ያዘጋጁ፤ ከተሰፋ በኋላ እያንዳንዱ 10 ሳንቲሜትር ይሆናል። ስምንት በአግድም፣ አሥር በቁመት። ግማሹን ነጭ አቡጀዲ ቢያደርጉት ዓይን ያርፍበታል፤ ለ40 ካሬ 90 ሳንቲሜትር ስፋት ካለው አቡጀዲ 1 ሜትር ይግዙ። ሌላውን 40 ከልብስ ሰፊ ቤት ቁርጥራጭ ወይም ከሳልባጅ የጥጥ ሸሚዝ ያግኙ። የሸሚዙ ጀርባ ሰፊና ያልተጎዳ ነው፤ ክንድ ሥርና አንገት አካባቢ ግን ስለሳሳ አይጠቀሙበት። የሚለጠጥ ጨርቅ በዚህ ሥራ ውስጥ አይግባ። ሁሉም ከመቆረጡ በፊት በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ አቡጀዲ ይሰበሰባል፣ ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ደግሞ ቀለም ይለቃሉ። ከብርድ ልብሱ ላይ ከሚለቅ እዚያው ሳፋ ውስጥ ይልቀቅ።

ካሬዎቹን ሁለት ሁለት አድርገው ክሩን ሳይቆርጡ አንዱን ጥንድ ከሌላው አስከትለው ይስፉ፤ ክርም ጊዜም ይቆጥባል። 28ና 128 ወደ ኋላ አይሰፉም፣ አሮጌው 99ም እንዲሁ። ለመገጣጠም ግን ይህ አያሳስብም፤ የእያንዳንዱ ስፌት ጫፍ በሚቀጥለው ረድፍ ስፌት ይታሰራል። ሲተኩሱ ካውያውን ጨርቁ ላይ አይጎትቱ፣ እያነሱ ይጫኑ። የመጀመሪያውን ረድፍ ስፌቶች ወደ ቀኝ ካጠፉ የሁለተኛውን ወደ ግራ ያጥፉ። ሁለቱ ረድፎች ሲገናኙ እጥፎቹ ተቃራኒ ስለሆኑ በጣት ሲዳሰሱ ተቆላልፈው ይቀመጣሉ፤ ማዕዘኖቹም ይገጥማሉ።

መሀል የሚገባውን ከሩቅ አይፈልጉ። ብዙ ጊዜ የታጠበ አሮጌ ጋቢ እጅግ ጥሩ ነው፤ መሰብሰቡን ጨርሷል፣ ከጥጥ ነው፣ አይንሸራተትም። ግን ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ለትንሽ ማሽን ይወፍራል፤ ጠርዙን ፈትተው ሁለቱን ድርብ ብቻ ይጠቀሙ። በደጋን የተነደፈ ልቅ ጥጥም ይሆናል፤ ያኔ የስፌት መስመሮቹ ከ5 ሳንቲሜትር በላይ እንዳይራራቁ፣ ካልሆነ በመጀመሪያው እጥበት ጥጡ አንድ ቦታ ይቋጠራል። መሀለኛውና የሥሩ ጨርቅ በየጎኑ 5 ሳንቲሜትር ይትረፉ፣ ማለትም 90 በ110። የሥሩን ከአሮጌ አንሶላ ማውጣት ይቻላል።

ሦስቱን ወለል ላይ ዘርግተው የሥሩን ጨርቅ ሳይለጥጡ ወጥረው በፕላስተር ያስይዙና በእያንዳንዱ ካሬ መሀል አንድ መርፌ ቁልፍ ያድርጉ። ሰማንያ መርፌ ቁልፍ ብዙ ይመስላል፤ ግን የማሽኑ ጥርስ የሥሩን ጨርቅ ይስባል፣ እግሩ ደግሞ የላዩን ይገፋል፤ ያልተያዘ ቦታ ሁሉ በመስመሩ መጨረሻ ላይ እጥፋት ይሆናል። ከመሀለኛው ስፌት ይጀምሩ፣ ከእሱ 6 ሚሊሜትር ርቀው ቀጥ ብለው ይስፉ፣ ከዚያ ወደ ዳር ይሂዱ። ልቅ ጥጥ ከሆነ በየካሬው መሀልም መስመር ይጨምሩና መርፌ ቁልፎቹን ወደ ጎን ያድርጓቸው። በማሽኑ ክንድ ሥር የሚገባውን ጎን አጥብቀው ይጠቅልሉት። ስፌቱን ረዘም ያድርጉት፣ 3 ሚሊሜትር ያህል። ከእግሩ ፊት ጨርቁ እንደ ማዕበል ከተነሳ ጫናው በዝቷል፤ ከእግሩ ዘንግ አናት ላይ ያለውን ብሎን ትንሽ ያላሉ። በተቃራኒው ጨርቁ ባለበት ከቆመና ስፌቱ ከተጨናነቀ ያጥብቁት። ብርድ ልብሱ ከጠረጴዛው እንዳይንጠለጠል በግራ በኩል ወንበር ያስጠጉ፤ የሚንጠለጠል ክብደት መርፌውን አጣሞ ይሰብራል። ለጠርዙ 6 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ተቀጣጥሎ 4 ሜትር የሚሆን ጨርቅ በቁመቱ ለሁለት አጥፈው ይስፉ።

የአክስትዎ 221 እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣ ሞዴል ነው፤ አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ 5 ኪሎ ያህል ብቻ ይመዝናል፣ ስፌቱም በጣም ንጹሕ ነው። አሜሪካ የተሸጠው ግን በ110 ቮልት ነው የሚሠራው። የእኛ መብራት 220 ነው፤ በቀጥታ ከተሰካ ሞተሩ ይቃጠላል። ሞተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ ፎቶ አንስታ እንድትልክልዎ ይጠይቋት። 110 ካለ 220ን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን አምፔር በ110 ሲያባዙ የሚገኘውን ዋት ቢያንስ እጥፍ የሚችል ይሁን። እንግሊዝ አገር የተሸጠው 220–240 ስለሆነ ይህ አያስፈልገውም። ገመዱን እያጠፉ ይመልከቱት፤ የድሮው ጎማ ሽፋን ከተሰነጣጠቀ ኤሌክትሪሺያን ሳይለውጠው አይሰካ። ቦቢኑና ቦቢን ቤቱ የራሱ ብቻ ናቸው፣ የ99ኙ አይገባለትም፤ ቦቢን ቤቱ ከውስጥ መኖሩን አክስትዎ ሳትገዛ ታረጋግጥ። ሞተሩ ላይ ያሉት ሁለት ትንንሽ ቱቦዎች የግሪስ ናቸው፤ ዘይት አይጨምሩባቸው።

የአያትዎን ማሽን ሲያነሱ በሳጥኑ እጀታ ብቻ አይመኑ። በአንድ ጫፍ የሚቆለፈው ክዳን በሌላው ጫፍ በትክክል ካልያዘ ሲያነሱት ማሽኑ መሬት ላይ ይቀራል ወይም እግር ላይ ይወድቃል። ማሽኑን ከእንጨቱ ጋር የሚያይዙትን ሁለት ብሎኖችም በካቻቪቴ ያጥብቁ። የጅማ እርጥበት ለብረት አይመችም፤ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ የገባ እርጥብ አየር መርፌ ሰሌዳውንና ጥርሱን ያዝገዋል። ሠርተው ሲጨርሱ ብናኙን በብሩሽ ያውጡ፣ የሚያብረቀርቀውን ብረት ሁሉ ዘይት በነካው ጨርቅ ይለፉት፣ ከእግሩ ሥር ቁራጭ ጨርቅ አድርገው ዝቅ ያድርጉት። ሳጥኑ ከግድግዳና ከሲሚንቶ ወለል ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ፀሐይ በወጣ ቀን ክዳኑን ከፍተው ያናፍሱት። በየቀኑ የሚሰፉ ከሆነ ዘይቱን በየስምንት ሰዓት ሥራ ይስጡት፤ በማግስቱም ከብርድ ልብሱ በፊት በቁራጭ ጨርቅ ላይ ጥቂት መስመር ይስፉ፣ የተረፈው ዘይት እዚያ ይወጣል።